ከፓኔሉ በፊት ደብተሩ

ጥያቄው፦ «የምሠራው ከደሴ ብዙ በማይርቅ የደጋ ከተማ፣ የከተማ አስተዳደሩ ንብረት ክፍል ውስጥ ነው። ዘንድሮ ለሶላር በጀት ተይዞልናል። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱና የገቢዎች ቢሮ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ጤና ጣቢያው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይርቃል። የውሃ ጉድጓዱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። አንድ አቅራቢ ‹ማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ 60 ኪሎዋት ፓኔል እንስቀል፤ ከመስመሩ ጋር ስለሚገናኝ ባትሪ አያስፈልገውም፤ መብራት ቢጠፋም አትቸገሩም› ብሎናል። ሌላው ደግሞ ‹ሁሉንም በማይክሮግሪድ አንድ ላይ እናያይዛችሁ› ይላል። ማንን እንመን? ከየትስ እንጀምር?»

እህቴ፣ ብሩ ገና ሳይወጣ መጠየቅዎ በጣም ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ጣሪያው ተበስቶ፣ ክፍያው አልቆ፣ ዕቃው አልሠራ ካለ በኋላ ነው። መልሴ ረዘም ስለሚል ቡና ይዘው ያንብቡት።

ከመጀመሪያው አቅራቢ ልጀምር። የነገራችሁ ነገር ትክክል አይደለም። ባትሪ የሌለውና ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኃይል ለሶኬት ወደሚሆን መብራት የሚለውጠው ዕቃ)፣ መስመሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይህ ብልሽት አይደለም። ሆን ተብሎ እንዲያ ተደርጎ ነው የሚሠራው። መብራት ሲጠፋ ፖል ላይ የሚወጣ የመስመር ሠራተኛ አለ። እሱ ሽቦው ኃይል የለውም ብሎ ነው የሚነካው። ትራንስፎርመር ደግሞ ወደ ኋላም ይሠራል። ከእናንተ ግቢ የወጣ 380 ቮልት ትራንስፎርመሩን አልፎ መስመሩ ላይ 15,000 ቮልት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሰውየውን ይገድለዋል። ስለዚህ ኢንቨርተሩ መስመሩ መሞቱን ሲያውቅ ወዲያው ሥራ ያቆማል። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ 60 ኪሎዋት ፓኔል ጣሪያ ላይ ተዘርግቶ፣ ቢሮው ውስጥ አንድ አምፖል አይበራም ማለት ነው።

መብራት ሲጠፋ እንዲሠራ ከተፈለገ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው ባትሪ ነው። ሁለተኛው ግቢውን ከመንገዱ መስመር ቆርጦ ለብቻው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ መፍጠር የሚችል ኢንቨርተር ነው። መብራት ሲመጣ ደግሞ መልሶ ያገናኛል። ማይክሮግሪድ የሚሉት ይኸው ነው። ከሩቅ ሲሰሙት የከበደ ነገር ይመስላል እንጂ፣ መስመሩ ሲኖር ከመስመሩ ጋር የሚኖር፣ ሲጠፋ ራሱን ችሎ የሚቆም ግቢ ማለት ነው።

አሁን ንጹሕ ኃይል ወደሚለው ልምጣ። እዚህ ላይ የውጭ አገር ሰነድ እየገለበጥን ብዙ እንሳሳታለን። ሌላ አገር ያለ ማዘጋጃ ቤት ሶላር የሚሰቅለው መስመሩ ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ የመጣ ስለሆነ ነው። የእኛ መስመር ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመጣ ነው፤ ነፋስም ተጨምሮበታል። ከቆጣሪያችሁ የሚመጣው መብራት ራሱ ንጹሕ ነው። ቆሻሻው ኃይል ከቢሮው ጀርባ ቆርቆሮ ለብሶ የቆመው ጄኔሬተር ነው። እያንዳንዱ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ጭሱን የሚስበው ደግሞ ጎኑ ያለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተቀመጠው ተማሪ ነው።

ጄኔሬተሩ ኪስም ይጎዳል። በደንብ ሲጫን ለ1 ኪሎዋት ሰዓት ሲሶ ሊትር ያህል ናፍጣ ይበቃዋል። እኛ ጋ ግን እንደዚያ አይሠራም። አቅሙ 60 ኬቪኤ የሆነ ጄኔሬተር ተነስቶ አምስት ኮምፒዩተርና አንድ ፕሪንተር ሲያሠራ ይውላል። ያኔ ለዚያችው 1 ኪሎዋት ሰዓት እጥፍም፣ ከዚያ በላይም ይጠጣል። በትንሽ ጭነት ለረጅም ሰዓት ሲሠራ ናፍጣው በደንብ ስለማይቃጠል ጭስ ማውጫው ላይ ጥቁር ቅባት ይጠራቀማል። ሄደው ይዩት። ካለ፣ ጄኔሬተራችሁ ለሥራው በጣም ትልቅ ነው ማለት ነው።

«ሕዳሴ ተመርቆ ለምን መብራት ይጠፋል?» የሚለኝም ብዙ ነው። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት ትልቅ ነገር ነው፤ ሁላችንም ያዋጣንበት ነው። ነገር ግን እናንተ ሰፈር መብራት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ውሃ አንሶ አይደለም። የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ ወድቆ፣ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ መስመር ነክቶ፣ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ተጭኖ፣ መብረቅ መትቶት ነው። ስለዚህ ሶላር የምታስገቡት መስመሩን ለመተካት ሳይሆን መስመሩ በሌለበት ሰዓት ሥራ እንዳይቆም ነው። ይህን ከያዝን የሚገዛው ዕቃ መጠን ከቆጣሪው ሒሳብ አይወጣም። መብራት ከሚጠፋባቸው ሰዓታት ነው የሚወጣው።

እነዚያን ሰዓታት ማን ያውቃቸዋል? ጥበቃው ነው። የመጀመሪያው ግዥ ደብተር ይሁን የምለው ለዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ሕንፃ አንድ ደብተር ይግዙና ከነእስክሪብቶው በሲባጎ አስረው ጥበቃ ቤት ይስቀሉት። ሲጠፋና ሲመጣ ሰዓቱ ይጻፍ። ጄኔሬተር ከተነሳ ስንት ሰዓት እንደሠራና ስንት ሊትር እንደገባበት ይጨመር። ሦስት ወር ይበቃል፤ ከተቻለ ሐምሌና ነሐሴ ይካተቱበት። አንድ ከተማ የሠራሁበት ደብተር እስከ ዛሬ በእጄ አለ። «ከቀኑ 8፡20 ጠፋ። ከምሽቱ 1፡05 መጣ። ጄኔሬተር አልተነሳም፣ ናፍጣ የለም» ይላል። እንዲህ ዓይነት መስመር ገጹን ሞልቶታል። መሐንዲስ ቢሮው ቁጭ ብሎ ከሚገምተው ይልቅ የእኚያ ጥበቃ ጽሑፍ የባትሪውን መጠን በትክክል ሰጠኝ። አብዛኛው መቋረጥ ከአምስት ሰዓት በታች ነበር። ሁለት ጊዜ ብቻ ከአንድ ቀን አልፏል። ለአምስት ሰዓት የሚሆን ባትሪና ለሁለት ቀን የሚሆን ባትሪ ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ሁለተኛው ሥራ የማከፋፈያ ሳጥኑን ማስከፈት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰሜን ወሎ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ «ኢንቨርተሩ ሁልጊዜ ቀትር ላይ ይጠፋል» ብለው ጠሩኝ። ኢንቨርተሩን ሁለት ጊዜ ለውጠውታል። ሳጥኑን ስከፍተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። የኒውትራሉ ብሎን ላልቶ ሽቦው ጠቁሯል። አንድም ብሬከር ስም አልተጻፈበትም። አንዱን ሽቦ ተከተልኩት። ከማዋለጃ ክፍሉ ብሬከር ይወጣል፣ በጣሪያው ሥር ዞሮ በጓሮ በኩል አንዲት ክፍል ይገባል። ክፍሏ ውስጥ ምጣድ አለ። ሠራተኞቹ ለምሳ እንጀራ ይጋግሩበታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ኢንቨርተሩ በጠቅላላው 5 ኪሎዋት ነው። ምጣዱ ሲሰካ ማዋለጃ ክፍሉ ይጨልማል። የሰካችው ልጅ ጥፋት የለባትም፤ ሶኬት አየች፣ ሰካች። ጥፋቱ ሽቦውን ሳይለይ ኢንቨርተሩን የገጠመው ባለሙያ ነው። እኛ የሠራነው ቀላል ነበር። ምጣዱን ወደ ዋናው መስመር መለስነው። ከባትሪ የሚመጣውን ለብቻው አወጣንና ሶኬቶቹን ቀይ አደረግናቸው። ከዚያ ወዲህ ኢንቨርተር አልለወጡም።

እናንተም ዕቃዎቻችሁን እንዲህ ለዩአቸው። ለደቂቃ እንኳ መጥፋት የሌለበት አለ፤ የማዋለጃ ክፍል መብራት፣ ኦክስጅን ማምረቻ፣ ላቦራቶሪ፣ ሰርቨር። ጥቂት ሰዓት ሊቆይ የሚችል አለ፤ የውሃ ፓምፕ፣ ፎቶ ኮፒ። ከባትሪ ጋር በጭራሽ መገናኘት የሌለበት ደግሞ አለ፤ ምጣድ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ብየዳ። ይህ ሥራ የአንድ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን የሁለት ቀን ሥራ ነው። ግማሹን ገንዘብ የሚያድነው ግን እሱ ነው።

አምፖል መለወጥም እዚሁ ላይ ይግባ። የድሮው ረጅም ፍሎረሰንት ከነባላስቱ 45 ዋት ያህል ይወስዳል። በኤልኢዲ ሲተካ 18 ዋት ይሆናል። 80 አምፖል ያለው ቢሮ 2 ኪሎዋት ያህል ጭነት ቀነሰ ማለት ነው። ያን ያህል ፓኔል፣ ባትሪና ኢንቨርተር አትገዙም። ዴስክቶፕ ኮምፒዩተሮች ሲያረጁ በላፕቶፕ መተካትም እንዲሁ ነው፤ ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ አለው።

አሁን ጤና ጣቢያውን በቁጥር እንየው፤ ሥራው መጀመር ያለበት ከዚያ ነው ብዬ ስለማምን። ለማዘጋጃ ቤት የተያዘ በጀት ቢሆንም እንኳ ከንቲባውን አሳምኑ። ማዘጋጃ ቤት መብራት ሲጠፋ ባለጉዳይ ነገ ተመለስ ይባላል። ምጥ የያዛት እናት ግን ነገ ተመለሺ አትባልም። አዋላጇ በአፏ የስልክ መብራት ነክሳ ስትሠራ ያየሁበት ሌሊት ከዓይኔ አይጠፋም።

መጀመሪያ ክትባቱን ከዚህ ሒሳብ አውጡት። በቀጥታ ከፓኔል የሚሠሩ፣ ባትሪ የማያስፈልጋቸው የክትባት ማቀዝቀዣዎች አሉ። ቀን ቀን ውስጣቸው በረዶ ይሠራሉ፤ ሌሊትና ደመናማ ቀን ያ በረዶ ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ላይ ያቆየዋል። ፀሐይ ባይኖር ቢያንስ ሦስት ቀን እንዲይዙ ተደርገው ነው የሚሠሩት። እናንተ ጋ ካለ ሽቦውን አትንኩት። ከሌላ ዕቃ ጋር ከተቀላቀለ ሌላው ሲበላሽ ክትባቱም አብሮ ይበላሻል።

የቀረውን እንደምር። የመድኃኒትና የላቦራቶሪ ማቀዝቀዣዎች በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት። ኦክስጅን ማምረቻው 400 ዋት ሆኖ 10 ሰዓት ቢሠራ 4። 20 ኤልኢዲ አምፖል ባለ 15 ዋት ለ8 ሰዓት 2.4። ላቦራቶሪው 2። አምስት ኮምፒዩተርና ኔትወርክ 2.4። ስልክ መሙያና ጥቃቅኑ 1። ድምሩ 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በኢንቨርተርና በባትሪ የሚባክነውን ሲጨምሩ 18 ይሆናል። በእኛ ደጋ 1 ኪሎዋት ፓኔል በበጋ በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። በሐምሌና ነሐሴ ጉም ግን እኔ የማስበው በ3 ነው። 18ን ለ3 ብናካፍል 6 ኪሎዋት። ባለ 550 ዋት ፓኔል 12 ቢሰቀል ይበቃል። ባትሪው አንድ ሙሉ ጨለማ ቀን እንዲይዝ 20 ኪሎዋት ሰዓት ሊትየም ይሁን። የሕክምና ዕቃ መቀቀያው ቀን ቀን፣ መስመሩ ሲኖር ይሥራ።

ልብ ይበሉ፤ 60 ኪሎዋት ሳይሆን 6 ኪሎዋት ነው። በእርግጥ የእናንተ ቁጥር ከዚህ ይለያል፤ መንገዱ ግን ይኸው ነው። ለማዘጋጃ ቤቱ ግቢም በዚሁ አሠራር ይሂዱ።

የከፍታው ነገር ደግሞ አለ። ይህን የሚነግራችሁ አቅራቢ እምብዛም አላጋጠመኝም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ወርዳ 1,850 ሜትር ገደማ ነች። ይህ ልዩነት ለዕቃ ትልቅ ልዩነት ነው።

ጄኔሬተር ናፍጣውን የሚያቃጥለው አየር ስቦ ነው። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ደሴ ላይ ሲደርስ ከአቅሙ ሩቡ ሄዷል። ጎኑ ላይ የተለጠፈው የአቅም ሰሌዳ 100 ኬቪኤ የሚል ጄኔሬተር እናንተ ጋ 75 ነው። ኢንቨርተርም ቢሆን የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ቀጭን አየር ሙቀቱን በደንብ አይወስድለትም። ብዙ ኢንቨርተሮች መመሪያቸው ላይ «እስከ 2,000 ሜትር» ይላል። ከዚያ በላይ አቅማቸው ይቀንሳል፤ ዋስትናቸውም ያከራክራል። የጨረታ ሰነዱ ላይ «በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚሰጠው ኃይል ይገለጽ» የምትል አንድ መስመር ያስገቡ።

ብርዱም ሒሳብ አለው። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል። አንዱ ባለ 550 ዋት ፓኔል በ25 ዲግሪ ምንም ዕቃ ሳይጫንበት 50 ቮልት አካባቢ ነው። አሥሩን በተርታ ብታያይዙ 500 ቮልት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ብቅ ስትል ግን 525ን ያልፋል። ገበያ ላይ ያሉ ብዙ ትናንሽ ኢንቨርተሮች ከ500 በላይ አይችሉም። «በሙቀት ተቃጠለ» ተብሎ የተመለሰ ኢንቨርተር ፈትቼ አይቻለሁ። ያቃጠለው የጥቅምት ውርጭ ነበር። 12ቱን ፓኔል ስድስት ስድስት አድርጋችሁ በሁለት ተርታ ብታያይዙ ይህ ችግር አይነካችሁም።

ብርዱ ጥቅምም አለው። ፓኔል በየዲግሪው ሙቀት ከአቅሙ 0.35 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ፣ በእኩል ፀሐይ የደጋው ፓኔል ከቆላው ይሻላል። ባትሪም ሙቀት ነው የሚገድለው። የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያጥራል። ሊትየሙ ደግሞ ከዜሮ በታች መሞላት የለበትም። እንደ ጉጉፍቱ ያለ ውርጭ አገር ከሆናችሁ ባትሪውን ደጅ ሳይሆን ክፍል ውስጥ አስቀምጡት። ከአሲድና ከሊትየም ለሚለው፣ እኔ ሊትየም እላለሁ። አሲዱ በርካሽ ይገዛል እንጂ ከግማሽ በታች ማውረድ ስለማይገባ ሁለት እጥፍ ትገዛላችሁ። ለመንግሥት ቢሮ ደግሞ ውሃ የሚጨምርለት ሰው ማግኘት ከባድ ነው። የመጀመሪያው ወር ይጨመርለታል፣ ከዚያ ይረሳል።

ወደ ሁለተኛው አቅራቢ እንሂድ። ሁሉንም አንድ ላይ ማያያዝ የሚለው ለግቢያችሁ ይሠራል፤ ለጤና ጣቢያውና ለጉድጓዱ አይሠራም። በሒሳብ ላሳይዎ። 20 ኪሎዋት በሦስት ፌዝ 300 ሜትር በ25 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ኬብል ብትወስዱ የሚባክነው ቮልቴጅ 3 በመቶ ገደማ ነው፤ ይቻላል። ያንኑ 1,500 ሜትር ብትጎትቱት 15 በመቶ ይጠጋል። ከ380 ቮልት 55ቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ኬብሉ ራሱ ከባትሪው ሊወደድ ይችላል፤ መዳብ ደግሞ የሌባ ዓይን አለበት። በሕዝብ መንገድ ላይ የራስን መስመር መዘርጋትም ያለ ፈቃድ አይሆንም። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱና ገቢዎች በአንድ ባትሪ ክፍል ይሰባሰቡ። ነባሩ ጄኔሬተርም አይጣል፤ ደመናው ሲበረታ ባትሪውን ለመሙላት ብቻ ይነሳ። ሙሉ ጭነት አግኝቶ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፤ እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ አይውልም። ጤና ጣቢያው ለብቻው ይሁን።

ጉድጓዱ ደግሞ ባትሪም አያስፈልገው። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 150 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት፣ የፓምፑና የቧንቧው ብክነት ታስቦ፣ 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በቀን 50 ሜትር ኩብ ብትሉ 40 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህን በባትሪ ማጠራቀም ብክነት ነው፤ ውሃውን ራሱን አጠራቅሙት። ፀሐይ ሲኖር ይሳብ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ታንከር ይሙላ፣ ሌሊት በራሱ ክብደት ይውረድ። ፓምፑ ግን ቀስ ብሎ የሚያስነሳ መቆጣጠሪያ ይኑረው። ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ከረንት ይስባል።

ስለ ጣሪያው በአጭሩ። ቆርቆሮው ስስ ከሆነና ማገሩ የባህር ዛፍ ከሆነ አስቀድሞ ይታይ። 12 ፓኔል 340 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከክብደቱ ይልቅ ግን የሚያሰጋው ከሥር ገብቶ ወደ ላይ የሚነቅለው ነፋስ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ጣሪያቸው የተበሳሳ ሕንፃዎች ካሏችሁ መጀመሪያ ጥገናው ይቅደም። ፓኔል ከተሰቀለ በኋላ ፍሳሽ መጠገን መከራ ነው። ዘንበሉን ከውጭ መጽሐፍ አይቅዱ። 30 ዲግሪ ለአውሮፓ ነው። እኛ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ብቻ ነው የራቅነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ፀሐይ የእኩለ ቀኗን መንገድ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ወደ ደቡብ 10 ወይም 15 ዲግሪ ይበቃል፤ ዝናቡም አቧራውን አጥቦ ይወርዳል። በረዶ ይሰብረዋል ወይ ለሚሉኝ፣ ደረጃውን ያለፈ ፓኔል 25 ሚሊ ሜትር የበረዶ ድንጋይ በሴኮንድ 23 ሜትር ፍጥነት ተወርውሮበት የተፈተነ ነው። የፈተና ወረቀቱን ይጠይቁ። መብረቅ መከላከያና ኤርዝ (ኃይሉን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦና ዘንግ) ግን የግድ ነው። የእኛ ተራራ ድንጋይ ስለሆነ አንድ ዘንግ መቅበር አይበቃም፤ ከ10 ኦም በታች እስኪሆን ተለክቶ ይረጋገጥ።

ስለ በጀት አንድ ነገር ከልቤ ልንገርዎ። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል ተብሎ በጥድፊያ የሚገዛ ዕቃ አይቼ ብዙ ጊዜ አዝኛለሁ። ሰኔ ላይ ይገዛል፣ ሐምሌ ዝናብ ውስጥ ይሰቀላል፣ መስከረም ላይ ይበላሻል። ከወዲሁ ጀምሩ። ደግሞ ዕቃው የካፒታል በጀት ነው፤ ጥገናው ግን ከመደበኛው ነው የሚወጣው። ለናፍጣ ይወጣ ከነበረው ላይ ጥቂቱ በየዓመቱ ለጥገናና ለወደፊቱ ባትሪ እንዲቀመጥ ከፋይናንስ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ። አለዚያ ከአሥር ዓመት በኋላ ባትሪው ሲደክም ያ ጄኔሬተር ይመለሳል። ለሁሉም ሕንፃ አንድ ዓይነት ኢንቨርተር ግዙ፤ መለዋወጫው አንድ ይሆናል። የኢንቨርተሩ የይለፍ ቃል ለእናንተ በጽሑፍ ይሰጥ። ገጣሚው ይዞት ሄዶ ስልኩ አልነሳ ያለባቸው ቢሮዎች አሉ።

እነዚህ ሁሉ ድካም ከመሰሉዎ፣ 2014ን ያስታውሱ። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መብራቱም ስልኩም ተቋረጠ። ጄኔሬተር ያለውም ናፍጣ ከየት ያመጣል? ላሊበላ ለብዙ ወራት ያለ መብራት ቆየች። ያኔ ጣሪያው ላይ ትንሽ ፓኔልና ባትሪ የነበረው ጤና ተቋም ቢያንስ ሌሊት የመጣ ሰው ፊቱን ማየት ይችል ነበር። እንዲያ ያለው ቀን አይድገመን። ግን ስለ ባትሪ ባሰብኩ ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል።

የመጨረሻው ክፍያ ከመልቀቁ በፊት ይህን ፈተና ውል ውስጥ ያስጽፉ። ነሐሴ ውስጥ፣ ደመናማ ቀን ተመርጦ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ዋናው ማብሪያ ይጥፋ። እስከ ማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ድረስ አይበራም። ጤና ጣቢያው እንደ ወትሮው ይሥራ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ሄዶ የማዋለጃ ክፍሉን መብራትና የማቀዝቀዣውን ቴርሞሜትር ይይ፤ ያየውንም ይጻፍ። አቅራቢው ወይም ወኪሉ እዚያው ይደር። ይህን አልፈርምም የሚል አቅራቢ ካለ ከጨረታው ያስወጡት።

ለጊዜው ከአቅራቢዎቹ ጋር ምንም አይፈርሙ። ደብተሮቹን ይስቀሉ፤ የማከፋፈያ ሳጥኖቹን አስከፍተው ፎቶ ያንሱ። የአቅም ሰሌዳው ጽሑፍ እንዲታይ አድርገው ጄኔሬተሩንም ያንሱት። ደብተሩ ሦስት ወር ሲሞላው ፎቶውን አብረው ይላኩልኝ፤ የግቢያችሁን ባትሪ መጠን አብረን እናሰላዋለን።